ቀዳዳ የሌለው ንጹሕ አየር

ከጥቂት ወራት በፊት፣ ፀጉሩን በቅባት ያስተኛ አንድ ወጣት ሻጭ ትከሻዬን ቸብ ቸብ አድርጎ፣ "ሳባ፣ አንተ እዚያ ወንበር ላይ ዐረፍ በል፤ ይህ የቴክኒክ ነገር ነው" አለኝ። ሳባ በዕብራይስጥ አያት ማለት ነው። አያት መባሉ አላናደደኝም፤ ሰባት የልጅ ልጆች አሉኝ። ያናደደኝ "የቴክኒክ ነገር" የምትለው ናት። ከሃያ ዓመት በላይ እስራኤል ውስጥ የኔታንያ ከተማን ግድግዳ እየበሳሁ፣ ቆርቆሮ እያጠፍሁ፣ በጂፕስ ጣራ ውስጥ በሆዴ እየተሳብሁ ለሰው ቤት አየር ሳስገባ የኖርሁ ሰው፣ ስለ አየር ወሬ ሲነሣ ወንበር ይሰጠኝ? ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ።

ወደዚያ መደብር የወሰደችኝ ሊያት ናት። ሊያት የኛ ሰዎች በሚበዙበት ራማት የዲዲም ሠፈር ስንኖር የጎረቤታችን የአለሚቱ ልጅ ነበረች። ዛሬ አግብታ፣ የአምስት ወር ልጅ ታቅፋ፣ ኤይን ሀትኽሌት የሚባል ሠፈር ውስጥ ከአንድ አዲስ ሕንፃ ላይ ቤት ገዝታለች። ሕንፃውን የሚሠራው ቃብላን፣ ተቋራጩ ማለቴ ነው፣ ቤት ገዢዎቹ ንጹሕ አየር የሚያስገባውን መሣሪያ ራሳቸው እንዲመርጡ ወደዚህ መደብር ይልካቸዋል። ደውላ እንዲህ አለችኝ፦ "አጎቴ ዘለቀ፣ ሞኼሩ፣ ሻጩ ያወራል፣ ያወራል፣ እኔ ክሉም አልገባኝም። ቦ ኢቲ፣ አብረን እንሂድ። አንተ ካላየኸው አልገዛም።" እዚህ የተወለዱ ልጆቻችን አንቱታ አያውቁም፤ ዕብራይስጥ ትልቅና ትንሽ አይለይም፤ እኔም ለምጄዋለሁ። "ካላየኸው" ያለችው ቃል ግን ሆዴ ገብታ ቀረች። ለምን እንደሆነ ቆይቼ እነግራችኋለሁ።

ሻጩ የሚያሳየን ግድግዳ ላይ የተሰቀለ፣ ሰማያዊ መብራት የሚያበራ ነጭ ሣጥን ነበር። ለመላው ቤት ንጹሕ አየር ይሰጣል ይላል። ከወንበሩ ተነሥቼ የሣጥኑን ጀርባ አጮልቄ አየሁ።

"ቀዳዳው የት አለ?" አልሁት።

"የምን ቀዳዳ?"

"አየሩ ከውጭ የሚገባበት።"

"ቀዳዳ አያስፈልገውም፣ ሳባ። ቴክኖሎጂ ነው። ቤት ውስጥ ያለውን አየር ያድሰዋል።"

ያለውን አየር ያድሰዋል አለኝ፣ ዐይኑን ሳያሽ። ሦስት ሰው በር ዘግቶ ያደረበት ክፍል አየሩ ይደክማል፤ ራስ ያከብዳል፣ መስኮቱን ያልበዋል፣ ጥጋ ጥጉ ይሻግታል። ያን አየር በወንፊት ቢያሳልፉት አቧራው ይቀራል እንጂ አየሩ ያው ሲተነፍሱት ያደሩት አየር ነው። አቧራ ማጣራት ጥሩ ነገር ነው፣ አልነቅፍም፤ ግን በስሙ ይጠራ። ግድግዳ ካልተበሳ ወይም ቧንቧ ወደ ውጭ ካልወጣ ንጹሕ አየር የሚባል ነገር የለም። ይህን ለማወቅ ዩኒቨርሲቲ መግባት አያሻም። እኔ የተማርሁት ከአባቴ ወናፍ ነው።

አባቴ ጎንደር ገጠር ውስጥ ባለእጅ ነበር፤ ማረሻና ማጭድ ይቀጠቅጣል። ወናፉን የምነፋለት እኔ ነበርሁ። ወናፍ ቆዳ ነው፤ አየር የሚስብበት አፍ አለው፣ አየር የሚተፋበት ቧንቧ አለው። አፉ ካልተከፈተ አይሞላም፤ ቧንቧው ከተደፈነ አንድ ቀን ይተረተራል። እንጀራዬን የበላሁበት ሙያ ሁሉ ከዚህ አይወጣም፦ የሚገባ አየር መውጫ ይሻል፣ የሚወጣ አየር መግቢያ ይሻል። ይህን የማያውቅ ሰው መሣሪያ ሊሸጥላችሁ ሲመጣ፣ ልጆቼ፣ በሩን አሳዩት።

እስራኤል ገብተን ኔታንያ ስንሰፍር ከከተማው ኢንዱስትሪ ሠፈር ያለ አንድ የቆርቆሮ ሥራ ቤት ቀጠረኝ። ስለ ደመወዙ ባላወራ ይሻላል። ሁለት ዓመት ያህል ከማጠፊያው ጠረጴዛ ፊት ቆሜ የአየር ቧንቧ ሳጥፍ፣ ቧንቧው ሄዶ የሚገባበትን ቤት አንድ ቀን እንኳ አላየሁም። አንድ ጧት ሻልቫ የሚባል፣ ከጆርጂያ የመጣ፣ ሆዱ የገፋ፣ ትንፋሹ ያጠረ፣ ቧንቧውን ሰው ቤት የሚተክል ሽማግሌ ባለሙያ አንድ ክርን ቧንቧ ይዞ መጣ። ልኩ ተሳስቶ አልገጥምለት ብሏል። አለቃው ሌላ ይሠራልሃል፣ ለነገ ተመለስ ሲለው፣ እኔ ከእጁ ተቀብዬ በመዶሻ ዙሪያውን ቀስ እያልሁ ቀጥቅጬ አሰፋሁለት።

"ይህን ማን አስተማረህ?" አለኝ። ዕብራይስጡ ሰባራ ነው፣ የኔም ሰባራ ነው፤ በዚህ ምክንያት በደንብ ተግባባን።

"አባቴ። ብረት ይሠራ ነበር።"

"ታዲያ አንተ እዚህ ጠረጴዛ ላይ ምን ትሠራለህ? ነገ ከኔ ጋር ውጣ።"

አገራችን ላይ ባለእጅ ስድብ ነበር። በገበያ ቀን ሰው ማረሻውን ካባቴ እጅ ይቀበልና ዐይኑን ይሸሽ ነበር፤ ብረቱን እየፈለጉ ሰውዬውን መናቅ። የአባቴን ሙያ ቀና ብዬ ስናገር ያን ቀን የመጀመሪያዬ ነው፤ ሻልቫን የምወደው መጀመሪያ ስለዚህ ነው።

ሻልቫ ቤት ሲገባ የዕቃ ሣጥኑን አይከፍትም። "እዚህ ቤት ደካማው ማን ነው? የት ነው የሚተኛው?" ብሎ ይጠይቃል። ደካማ ሲል ሕፃን፣ ሽማግሌ፣ በሽተኛ ማለቱ ነው። ከዚያ ያ ሰው የሚተኛበት ክፍል ይገባል፣ በሩን ይዘጋል፣ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ ሰዓቱን እያየ ዐሥር ደቂቃ ዝም ይላል። ቤተኞቹ ውጭ ቆመው ይተያያሉ። እኔም መጀመሪያ ሰሞን ሰውዬው ይጸልያል እንዴ ብዬ ነበር። ዐሥር ደቂቃው ሲሞላ ከኪሱ የሽንት ቤት ወረቀት ቁራጭ አውጥቶ በበሩ ሥር፣ በመስኮቱ ጠርዝ፣ በማድቤቱ አፍ ላይ በሁለት ጣት ያንጠለጥለዋል። ወረቀቱ ወዴት እንደሚያዘነብል አይቶ አየሩ ከየት ወዴት እንደሚሄድ ይነግርሃል። "ሻጭ ይዋሻል፣ አለቃም ይዋሻል፤ ወረቀት አይዋሽም" ይል ነበር።

ጎረቤት የወጥ ጢስ የሚተፋበትን ቀዳዳ፣ የመኪና ማቆሚያውን አፍ፣ የባሕሩን ነፋስ ሁሉ ሳያይ የመግቢያ ቦታ አይመርጥም። ባሕሩ ዳር ላሉት ሕንፃዎች ተራ ቆርቆሮ አያስነካም፤ የኔታንያ ጨው ቆርቆሮ ይበላል፤ እያንዳንዷን ብሎን ቅባት እያስነከረ ነበር የሚያጠብቀው። የነሐሴን ወበቅ ያለ ዘዴ ወደ ቀዘቀዘ ክፍል ካስገባህ ግድግዳው ያለቅሳል ይለኛል፤ ለዚህ ነው የሚወጣው አየር የሚገባውን አየር እያበረደ የሚተላለፉበት መሣሪያ የሚሻለው። የሚጮህ መሣሪያ በሦስተኛው ቀን ይጠፋል፣ የጠፋ መሣሪያ ደግሞ የተዘጋ መስኮት ማለት ነው። ማጣሪያው መሰላል ላይ ሳይወጡ የማይደረስ ከሆነ ማንም አያጥበውም። ሥራው ሲያልቅ ክዳኑን ከመዝጋቱ በፊት ከውስጥ በኩል በእርሳስ ስሙን ይጽፋል። ለምን ብዬ ጠየቅሁት። "ስሙን የጻፈ ሰው ሌሊት ይተኛል፣ ወይም አይተኛም። ሁለቱም ጥሩ ነው" አለኝ።

አሁን ስለ አለቃችን ልናገር፤ ስሙን እተወዋለሁ። ኤቨን የሁዳ ካሉት ግቢ ያላቸው ቤቶች ሥራ ሲመጣ ሦስት ጊዜ ሄደን እንለካለን፣ ሥዕል ይሣላል፣ የቤቱ ባለቤት በየትኛው ጎኑ እንደሚተኛ ሳይቀር ይጠየቃል። ራማት የዲዲም ሲሆን ግን አንድ ጉዞ፣ አንድ ማራገቢያ፣ በቃ። "ለነሱ ቀላሉን ትከሉላቸው" ይላል፣ እኔ አጠገቡ ቆሜ። "መስኮት እንኳ የማይከፍቱ ሰዎች ናቸው። አውቶቡስ ውስጥ በሐምሌ መስኮት ዝጉ ብለው ይጮኻሉ።" ሠራተኛው ሁሉ ይሥቃል። እኔም እሥቅ ነበር። ይህን ስጽፍ ዛሬም ፊቴ ይግላል።

እውነት ነው፣ ወገኖቼ ነፋስ ይፈራሉ። ነፋስ መታኝ፣ ምች መታኝ፣ ብርድ ገባብኝ እንላለን። ግን ይህ ልማድ ከየት እንደመጣ የጠየቀ አለ? እኛ የኖርነው በሣር ክዳን ጎጆ ነው። የሣር ክዳን በር ቢዘጉትም ይተነፍሳል፤ የምድጃው ጢስ በሣሩ እየሰለለ ይወጣል፣ አየሩም በጭራሮው ግድግዳ ይገባል። በር መዝጋት እዚያ ማንንም አልገደለም። ያንኑ ሰው አምጥቶ ኮንክሪት ሣጥን ውስጥ ካስገቡት በኋላ በሩን ዘጋ ብሎ መሣቅ ምን ዓይነት ነገር ነው? ቤቱ እንደማይተነፍስ ማን ነገረው? እኔ ልነግረው የምችል ሰው ነበርሁ፤ ሥራዬም እሱ ነበር። እኔ ግን ከሚሥቁት ጋር ቆሜ ነበር፣ እንደነሱ ጥርሴን እያሳየሁ።

የሊያት አያት እማማ ይርገዱ ይባላሉ። ከልጃቸው ከአለሚቱ ጋር ነበር የሚኖሩት፤ እሳቸውና ሊያት የሚተኙት ማማድ ውስጥ ነው። ማማድ ማለት በየአዲሱ ቤት የሚሠራ፣ ግድግዳው ወፍራም ኮንክሪት፣ መስኮቱና በሩ ብረት የሆነ፣ ሮኬት ሲመጣ የሚገቡበት ክፍል ነው፤ ቤት ሲጠብ መኝታ ይሆናል። ሊያት ያኔ ስድስት ዓመቷ ነው። ደረቷ ያፏጫል፤ ሲብስባት ትከሻዋ ከፍ ዝቅ ሲል ከሩቅ ይታያል። የጤና ጣቢያው ሐኪም ክፍሉ ንጹሕ አየር ይግባለት፣ ገብቶለትም እንደሆነ ከባለሙያ ወረቀት አምጡልኝ አለ። አለሚቱ ወደኔ መጣች። ሻልቫ ያን ሰሞን ታሞ ተኝቷል። ብቻዬን ሄድሁ።

ሥራውን አሳምሬ ሠራሁ ብዬ ነበር። የማማድ ግድግዳ መብሳት ክልክል ነው፤ ግን ሲሠራ ጀምሮ በብረት ክዳን የተዘጉ ሁለት ቧንቧዎች ይተዉለታል። አንዱን ለመግቢያ አንዱን ለመውጫ አደረግሁ፣ እንደ ወናፍ። ትንሽ ማራገቢያ ከነማጣሪያው ተከልሁ፤ የአደጋ ድምፅ ሲሰማ ክዳኑ በእጅ እንዲዘጋ ለአለሚቱ አሳየሁ። መግቢያው ቧንቧ ግን በቀጥታ ከእማማ ይርገዱ ትራስ በላይ ነበር። አየሁት። "እማማ፣ ራስዎን በየት በኩል አድርገው ነው የሚተኙ? ነፋሱ አይመታዎትም ወይ?" ብዬ መጠየቅ ነበረብኝ። አልጠየቅሁም። ያ ጥያቄ አለቃዬ የሚሥቅበት ጥያቄ ነበር። እኔ የሠለጠንሁ ባለሙያ ነኝ፣ ስለ ነፋስ መታኝ አላወራም ብዬ ዕቃዬን ሰብስቤ ወጣሁ። እንዲህ ዓይነት ጥፋት ከኛው ሰው በቀር ማንም አያጠፋውም፤ ሌላው ባያውቅ ነው፣ እኔ እያወቅሁ አፍሬ ነው።

ከወር በኋላ ሥራውን አይቼ ወረቀቱን ልፈርም ተመለስሁ። አለሚቱ ሥራ ላይ ናት። ሊያት አልጋው ላይ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ተኝታለች። መግቢያው ፊት መጋረጃ ተሰቅሏል። ከፈት አድርጌ ሳየው የእማማ ነጠላ ተጣጥፎ፣ ተጠቅጥቆ፣ ቀዳዳው ውስጥ ገብቷል። ማራገቢያው እያቃሰተ በባዶ ይዞራል።

ዞር ስል እማማ ይርገዱ በሩ ላይ ቆመዋል።

"ልጄ፣ ማጅራቴን መታኝ" አሉኝ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። "ሌሊቱን ሙሉ እንደ ቢላ ይገባል። ምን ላርግ? ለአለሚቱ እንዳትነግርብኝ። ሐኪሙ ያዘዘውን ደፈነች ብላ ታዝንብኛለች።"

ይህችን ሴት ማወቅ አለባችሁ። እናቴ ጎንደር ላይ እስራኤል የመግቢያ ወረፋ ስትጠብቅ ዓመታት አልፈው፣ ወረፋው ሳይደርሳት ስትሞት እኔ ቀድሜ እዚህ ገብቼ ነበር። ዐይኗን የከደኑ፣ ያጠቡ፣ የገነዙ እማማ ይርገዱ ናቸው። እሳቸውን አይሆንም ልበላቸው? ከእጃቸው ነጠላ ልንጠቅ? ይሉኝታ ያዘኝ። "እሽ እማማ" አልሁ። መጋረጃውን መለስሁ። የሰጡኝን ሻይ ጠጣሁ። ወረቀቱ ላይ "ተመርምሯል፤ አየር ይገባል" ብዬ ጻፍሁና ፈረምሁ።

ወረቀቱ ሐኪሙ ዘንድ ሄደ። ሐኪሙ ምን ያድርግ፤ ባለሙያ የፈረመበትን አመነ። ክፍሉ ደኅና ከሆነ ምክንያቱ ሌላ ነው አለ። ብርድ ልብሷን አስቀየረ፣ ወተት ከለከላት፣ መድኃኒቱን ከፍ አደረገው፣ እንደገና ከፍ አደረገው። ፊቷ በመድኃኒት አበጠ። ወራት እንዲህ አለፉ። አንድ ጧት ትንፋሿ ጠፍቶ ከንፈሯ ጠቁሮ በአምቡላንስ ተወሰደች። ለቀናት አፏ ላይ ጭንብል ታሥሮ ነው የተኛችው። ሆስፒታል ሄጄ በመስታወቱ አየኋት፤ ለአለሚቱ አይዞሽ አልኋት። አንድ ቃል ግን አልተናገርሁም። ዝም አይነቅዝም ይላሉ። ውሸት ነው፤ የኔ ዝምታ ልጅ ሊበላ ነበር።

ሻልቫ ከሕመሙ ተነሥቶ ነገሩን ለሱ ብቻ ስነግረው የጠየቀኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፦ "ተቀምጠህበት ነበር?" አልተቀመጥሁበትም ነበር። አለሚቱ ሥራ ላይ ሳለች አብረን ሄድን። ነጠላው እንደተጠቀጠቀ እኔን አልጋው ላይ አስቀመጠኝና በሩን ከውጭ ዘጋው። ዐሥር ደቂቃ። ያቺ ልጅ በየሌሊቱ የተነፈሰችውን ተነፈስሁት፤ ከባድ ነበር፣ ያረጀ ነበር። ከዚያ በሩን ከፍቶ ነጠላውን አውጥቶ በክብር አጥፎ ለእማማ ሰጣቸው። ቀጥሎም በእጅ ምልክት አስፈቅዷቸው፣ ጫማውን አውልቆ፣ በዚያ ገላው ትራሳቸው ላይ ጋደም አለ።

ጥቂት ቆይቶ ማጅራቱን እያሸ ተነሣ። "ሴትዮዋ ልክ ናት" አለኝ። "አንገቷ ላይ ነው የተከልኸው። አሮጊት ስለ አንገቷ አትሳሳትም። አንተ ከኔ ይልቅ ይህን ማወቅ ነበረብህ።"

ሥራ ቤት ሄጄ አንዲት የቆርቆሮ ከንፈር ሠራሁ፤ አየሩን ወደ ጣራው የምትወረውር፣ ጣራውን ይዞ ሄዶ ቀስ ብሎ እንዲወርድ። ማራገቢያውን አዘገየነው፣ አልጋውን ገፋ አደረግነው። ግማሽ ቀን አልፈጀም። እማማ ይርገዱ ከዚያ ወዲያ ቀዳዳውን ደፍነው አያውቁም፤ የሊያትም ደረት እያደር ተሻለው። የግማሽ ቀን ቆርቆሮ ነበር፤ እኔ በወራት የልጅ ስቃይ ቀየርሁት። ሻልቫ "ሂድና ለእናቷ ንገራት" አለኝ። እነግራታለሁ አልሁት። ሻልቫ ሞተ፣ እማማ ይርገዱ ሞቱ፤ እኔ አልነገርሁም።

ከዚያ በኋላ የሠራሁትን ሁሉ ብዘረዝር ትሰለቻላችሁ። ይህን ብቻ ልበል፦ ማንም ቤት ስገባ፣ ባለ ግቢም ይሁን ባለ አንድ ክፍል፣ መጀመሪያ የምጠይቀው ትራሱ የት እንደሆነ ነው። አለቃው ሲሥቅ አብሬ መሣቅ ተውሁ፤ አንድ ቀንም "ከሥራ በፊት ሄደህ ተኛበት" ብዬው ሁለት ሳምንት ሳያናግረኝ ቀረ። ክዳን ውስጥ ስሜን ጻፍሁ፣ በአማርኛ፣ ማንም እንዳያነብብኝ ሳይሆን እኔ እንዳልረሳው። ጉልበቴ መሰላል አልወጣ ሲል ጡረታ ወጣሁ።

ወደ መደብሩ ልመለስ። ሻጩን ሣጥኑን ትተህ እውነተኛውን አውጣ አልሁት። አወጣ፤ ለካ ነበረው። በግድግዳ ተበስቶ የሚተከል፣ ጥንድ ጥንድ ሆኖ አንዱ ሲስብ አንዱ የሚተፋ አለ፤ ጥሩ ነው፣ የወናፍ ልጅ ነው፤ ግን ሕፃኗ የምትተኛው ማማድ ስለሆነ ግድግዳው አይበሳም። ስለዚህ በመተላለፊያው ጣራ ውስጥ የሚቀመጠውን፣ ቧንቧው ለየክፍሉ የሚሄደውን፣ ለማማዱም በተዘጋጁት ቀዳዳዎች የሚገባውን መረጥን። መሣሪያውን አስነሥቼ ለድምፁ ጆሮዬን ጣልሁበት። ማጣሪያው ሊያት ቆማ የምትደርስበት እንዲሆን፣ የውጭው አፍ ከመኪና ማቆሚያው በተቃራኒ እንዲሆን አስጻፍሁ። ሻጩ ያን ጊዜ ሳባ ማለቱን ትቶ "አዶን" አለኝ፣ ጌታው እንደማለት ነው። አዶንነቱንም ለራሱ ይያዘው።

ቤቱን የሚረከቡበት ቀን ደረሰ። ሊያት ሕፃኗን ደረቷ ላይ አሥራ፣ እኔ የሽንት ቤት ወረቀት ቁራጬን በኪሴ ይዤ ሄድን። የቃብላኑ ተወካይ ትሕትና የበዛበት ጎልማሳ ነው። የመረካከቢያውን ፎርም መስኮቱ ደፍ ላይ ዘርግቶ እስክርቢቶ ይዞ ይጠብቃል። መሣሪያው እየሠራ ነው፣ ድምፁ ይሰማል፣ አየር የሚለቁት የጣራው መስኮቶች ነጭና ያማሩ ናቸው። ማማዱ ገብቼ በሩን ዘግቼ የፕላስቲክ ባልዲ ገልብጬ ተቀመጥሁ። ዐሥር ደቂቃ። የወረቀቱን ቁራጭ ከመግቢያው ሥር አንጠለጠልሁት። ወረቀቱ እንደ ሙት ቀጥ ብሎ ተንጠለጠለ።

የመተላለፊያውን ጣራ ክዳን አስከፍቼ በመብራት አየሁ። ወደ ማማዱ መሄድ የነበረበት ቧንቧ ግማሽ መንገድ ላይ አልቆ ጂፕሱ ላይ ተጋድሟል። ወደ ውጭ መውጣት የነበረበትም ግድግዳው ጋ ደርሶ ቆሟል፤ ግድግዳው አልተበሳም። መሣሪያው የጣራውን አቧራ ስቦ ለሳሎኑ ይሰጣል። ከውጭ ያማረ መስኮት፣ ከውስጥ ውሸት።

"ትንሽ ነገር ነው" አለ ተወካዩ። "ይፈረምና በሳምንት ውስጥ ይጨርሱታል። ጎረቤቶቻችሁ ሁሉ ፈርመዋል።"

"ጎረቤቶቹ ጣራው ውስጥ አይተዋል?" አልሁት።

ሊያት ዞር ብላ አየችኝ። "አጎቴ፣ ልፈርም? ዶሮን ሰኞ ዕቃ ሊያስገባ ነው፣ ሀ-ኮል፣ ሁሉም ታዝዟል።" ዶሮን ባሏ ነው።

እጇን ይዤ ማማዱ ውስጥ አስገባኋትና በሩን ገርበብ አደረግሁት። እንዴት እንደጀመርሁት አላስታውስም። ነጠላውን ነገርኋት፣ መጋረጃውን፣ ወረቀቱን፣ ሐኪሙን። አያትሽን አትውቀሻት፣ ጥፋቱ የኔ ነው አልኋት። ስናገር ዐይኗን ማየት አቅቶኝ የሕፃኗን ትንሽ እግር ነበር የማየው።

"አውቃለሁ" አለች።

"ማን ነገረሽ?"

"አፍ ኤሐድ። ማንም። ሎ ያሻንቲ፣ አልተኛሁም ነበር። መጋረጃውን ከፍተህ ስታይ አየሁህ። አሁን ይነግራታል ብዬ ጠበቅሁ። ከዚያ መልሰህ ዘጋኸው።"

ያኔ ስድስት ዓመቷ ነበር። ይህን ሁሉ ዘመን ሰላም ስትለኝ፣ በዓል ሲመጣ ጉንጬን ስትስመኝ፣ ሠርጓ ላይ እጄን ይዛ ስታስጨፍረኝ ይህን እያወቀች ነው። መሬት ብትውጠኝ ደስ ባለኝ።

"ታዲያ ስንት ቴክናይ፣ ስንት ባለሙያ ሞልቶ እኔን ለምን ጠራሽኝ?"

ሕፃኗን ወደ ሌላው ትከሻዋ አዛወረች። "ሌሎቹ ቢያዩም ዝም ይላሉ። አንተ ዝም ስትል ምን እንደሚመጣ አይተሃል። ስለዚህ ነው።"

ወጣሁ። ተወካዩ አሁንም እስክርቢቶውን ዘርግቶ ቆሟል። አልተቀበልሁትም። ከሸሚዝ ኪሴ የራሴን እርሳስ አወጣሁና "የአየር መሣሪያው ተመርምሯል፣ ይሠራል" በሚለው መስመር ላይ በትልቁ፣ በዕብራይስጥ፣ ማንም እንዲያነበው፣ "አየር አይገባም። ተቀምጬበታለሁ" ብዬ ጻፍሁ። ሥሩ ላይ ስሜን አኖርሁ።

"ሳባ፣ አንተ ባለቤቱ አይደለህም" አለ ሰውዬው። "ያንተ ፊርማ አይጸናም።"

"ፊርማ አይደለም" አልሁት። "ያየሁትን ነው የጻፍሁት።"